ታደለች ከሐኪም ቤት ስትደውል

ዛሬ ጠዋት ሆሳዕና ከተማ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሳለ የድሮ ተማሪዬ ታደለች በቪዲዮ ደወለች። ምጥ ይዟት ዱራሜ ሐኪም ቤት ተኝታለች። እንደ እኔው መስማት የተሳናት ናት።

ግሉኮስ ባልተሰካበት እጇ፣ «ቲቸር፣ ምን ሊያደርጉኝ ነው?» አለችኝ።

አጠገቧ የቆመው ሐኪም ማስክ ስላደረገ ከንፈሩ አይነበብም። የክፍሉ ሰሌዳ ላይ «ጻፍልኝ» ብዬ ጽፌ በስልኬ አሳየሁት። «ልጁ ታፍኗል፤ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል» ብሎ ጻፈ። በምልክት ነገርኳት።

«እሞታለሁ?» አለች።

ስንት ዓመት ምልክት ቋንቋ አስተምሬያለሁ፤ የመስማት የተሳነን ሰዎች ማኅበርም ሰብሳቢ ነኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«ሊያድኑሽ ነው የሚቸኩሉት» አልኳት። ኔትወርኩም ሰዓቱን መርጦ ተቋረጠ። መልሴን ማየቷን አላወቅኩም።

ከሰዓት ባሏ ጻፈልኝ፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። እኔ ግን አሁንም ስልኬን ማስቀመጥ አልቻልኩም። እንደ እሷ ያለች ሌላ ሴት ስትደውል ባላነሳስ?

እናንተስ፣ ሐኪም ቤት ቋንቋችሁን የሚችል ሰው አጥታችሁ ታውቃላችሁ? እንዴት ተግባባችሁ?