በአክስቴ ድምፅ ቦታ የገባው

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ የጋሪ ፈረሶች ተሰልፈው ከሚቆሙበት ፊት ለፊት አንድ የኮምፒውተር ቤት አለ። በዚያ በኩል ባለፍሁ ቁጥር ዛሬም ወደ ፈረሶቹ ማዶ እሻገራለሁ። ጥላቻ ነው ብል በባለቤቱ ላይ ግፍ ይሆናል፤ ሰውዬው ክፉ አልነበሩምና። ስሜቴ ጥፍር ሥር ገብቶ አልለቅ እንዳለ ቅባት ያለ ነገር ነው።

ላፕቶፔ አሮጌ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ስወጣ ይዤው የመጣሁት፣ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ከመሰኪያው ከተነቀለ ሩብ ሰዓት የማይቆይ ዕቃ ነው። ሆኖም አክብሬ የያዝሁት ነበር፤ የአክስቴ ድምፅ ያለው እርሱ ውስጥ ብቻ ነበርና።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ይኖራሉ። በዙሪያው ባሉ አጥቢያዎች ሁሉ የታወቁ አልቃሽ ነበሩ፤ ሰው ሲሞት ፈረስ ተልኮ ይጠሩ ነበር። አባቴ ባረፈ ጊዜ ሙሾውን ያወረዱት እርሳቸው ናቸው። ስልኬን በደረት ኪሴ አድርጌ፣ አስፈቅጄ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀዳሁት። ከዚያ ወዲህ ጉሮሯቸው ታመመ፤ ዛሬ የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው። ከተሻላቸው በኋላ ልጠይቃቸው ብሄድ እጄን ይዘው፣ «ድምፄ እንግዲህ አንተ ዘንድ ነው ያለው። ለሙት ዓመቱ ይዘህልኝ ና፤ ወንድሜን አንድ ጊዜ ደግሜ ላልቅሰው» አሉኝ። እሺ አልሁ። ስልኬ ሲሞላ ቅጂውን ወደ ላፕቶፑ አዛወርሁና ከስልኩ ደመሰስሁት። ኢንተርኔቱ ሲመጣ ሲሄድ ሌላ ቦታ ላስቀምጠው አልቻልሁም እላለሁ፤ እውነቱ ግን ስንፍና ነው።

ሙት ዓመቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚላክበት አዲስ አሠራር መጣ። በአሮጌ ሲስተም አይከፈትም፤ በግል ላፕቶፕ የምንሠራ ሁሉ እንድናሻሽል ታዘዝን። አዲሱን ራሴ ላወርድ ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፤ ሦስት ጊዜ መሐል ላይ ተቋረጠ። በአራተኛው ዕቃዬን አቅፌ ወደ ኮምፒውተር ቤቱ ሄድሁ።

ቤቱ የሞቀ ፕላስቲክና የከረመ ዘይት ይሸታል። ሆዱ በተከፈተ የሰው ኮምፒውተር ላይ የተገመሰ ሳምቡሳ ተቀምጧል፤ ዝንብ ሳምቡሳውን ትታ ሽቦው ላይ፣ ሽቦውን ትታ ሳምቡሳው ላይ ታርፋለች። ባለቤቱ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ላፕቶፔን ተቀብለው ከፈቱት፤ ከዚያ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው የስክሪኑን አቧራ ጠረጉልኝ። ዘገነነኝ። ታላቅ ሰውን በምራቁ መቆጣት ግን ነውር ነው።

«የሚፈለግ ነገር አለበት ወይ፣ ጌታው?» አሉኝ።

አግዳሚው ላይ ስልካቸውን የሚያሠሩ ሦስት ጎረምሶች ተቀምጠዋል። «የአባቴ ለቅሶ አለበት» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። በእኛ አገር ግን ሰው የራሱን ነገር አያገንንም፤ በሬ ጥሎ የደገሰ ሰው እንኳ እንግዳውን «ምንም የለም፣ ይቅርታ አድርጉልን» ይላል፤ ጨዋነቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። እኔ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሮ ነበር፤ ኮት ለብሼ፣ መጽሐፍ በብብቴ ይዤ፣ የገጠር ሴት ሙሾ አለኝ ማለት አሳፈረኝ።

«ኧረ እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለበትም» አልሁ።

«እንዲያ ከሆነ ፎርማት ላድርገውና አዲሱን በንጹሕ ቤት ልጫነው። ባሮጌው ላይ ሲደረብ ይጎተታል።»

«እርስዎ እንዳሉ።»

ፎርማት ማለት መጥረግ መሆኑን አውቅ ነበር። የሚጠርጉት ግን ሲስተሙ ያለበትን ክፍል ብቻ መስሎኝ፣ የእኔ ፎልደር በሌላኛው ክፍል እንዳለ አስቤ ወጣሁ። «የለም» ያልኋቸው ሰው ሁለቱንም ጠረጉት። ምን ብለው ያስቀሩታል?

ከሰዓት በኋላ ስመለስ በፈገግታ ተቀበሉኝ። «ፏ ብሏል! ምርቃትም ጨምሬልሃለሁ።»

እህል ሻጭ ሰፍሮ ሲያበቃ እፍኝ እንደሚጨምር፣ በዚህ ቤት ደግሞ የተሠራ ኮምፒውተር ባዶውን አይመለስም፤ ፊልም ይሞላበታል። የእኔም እስከ አፉ ተሞልቶ ነበር። ትርጉም ፊልም፣ ተከታታይ ፊልም፣ ነጻ ትግል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀይ መኪና ተደግፋ የምትስቅ የማላውቃት ሴት ተለጥፋለች። አዲሱ ሲስተም ማን እንደሆንሁ ጠየቀኝ። ስሜን ጻፍሁለትና ፎልደሬን ፈለግሁ። አልነበረም።

«የእኔ ፋይልስ?»

«የቱ ፋይል? የለም አላልህም እንዴ?»

ከጎረምሶቹ ሁለቱ ገና አልሄዱም ነበር። አንዱ «ጋሼ፣ እርሱ እኮ የሌለው ነገር ነው የጠፋበት!» ብሎ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸመው። ሳቁ።

ባለቤቱ አልሳቁም። የጠፋ የሚመልስ ፕሮግራም ከፍተው ሁለት ሰዓት ያህል ታገሉልኝ። በመጨረሻ የፎልደሩ ስም መጣ፤ በውስጡም «የአባዬ ለቅሶ» ብዬ የጻፍሁት ስም እንዳለ መጣ። «አየህ! መጥቷል!» ብለው ጮኹ። ተጫኑት። ምንም አልተሰማም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረጉት፤ ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ብቻ ተሰማ።

«ፊልሙ ላዩ ላይ ገብቶበታል» አሉኝ ራሳቸውን እያከኩ። «ባልሞላው ኖሮ ይመለስ ነበር። ምነው ልጄ፣ ለቅሶ ነው ብትለኝስ? እኔም እኮ ሰው ሞቶብኝ ያውቃል።»

ልክ ነበሩ። ከሳምቡሳውም ከምራቁም ይልቅ ያስጠላኝ ልክ መሆናቸው ነው። የሰውን ቤት ቆሻሻ ስቆጥር ያረፈድሁ እኔ ነኝ፤ አባቴን «እዚህ ግባ የማይባል» ያልሁት እኔ ነኝ።

በሙት ዓመቱ ቀን ላፕቶፑን በቦርሳ ይዤ በሚኒባስ ቡሬ ወረድሁ፤ ከዚያ በእግር ወደ አክስቴ ቤት። ለምን እንደያዝሁት አላውቅም። ምናልባት የፋይሉ ስም መመለሱን አሳይቼ፣ ለማስመለስ ደክሜያለሁ ለማለት ይሆናል። ካህናቱ ጸልየው፣ ሰው በልቶ ከተበተነ በኋላ አክስቴ መስኮቱ ሥር አስቀመጡኝ።

«በል እስቲ» አሉኝ በዚያ ሹክሹክታቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጆሯቸውን ወደ ላፕቶፑ አዘነበሉ።

«እትዬ፣ ድምፅዎ ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ምን እንዳለበት ሠሪው ሲጠይቁኝ ምንም የለም አልሁ።»

ጆሯቸውን ከላፕቶፑ አነሡ።

«አንተስ ሰምተኸው ነበር?»

ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁትም። «አልሰማሁትም፣ እትዬ። አስቀመጥሁት እንጂ አንድ ቀንም ከፍቼ አልሰማሁት።»

«እኔም ምን እንዳልሁ አላስታውሰው። ሬሳው ፊት ካልቆምሁ አይመጣልኝም።» ጉሮሯቸውን በመዳፋቸው ያዝ አደረጉ። «አሁን በቦታው ምን አለ?»

«ፊልም ነው፤ የማይረባ።»

«አሳየኛ! ያስወጣኝን ልየው።»

ለመንሁ፤ አልሰሙኝም። ከፊልሞቹ አንዱን ሳልመርጥ ከፈትሁና ወደ መሐሉ አሳለፍሁት። አንዲት ሴት በሞተ ሰው ደረት ላይ ወድቃ ትጮኻለች። አክስቴ ጠጋ ብለው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ማነው የሞተባት?»

«ባሏ ይመስለኛል።»

«ስሙን እንኳ አልጠራችውም። ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ፣ ማንን ጥሎ እንደሄደ አልተናገረችም። ዝም ብላ ነው የምታንባርቀው።» ዐይናቸውን ገልጠው አዩኝ። «ወንድሜን በዚች ለወጥኸው?»

ሴትየዋ ገና እየጮኸች ባትሪው አለቀ። ስክሪኑ ሲጠቁር፣ ከመስኮቱ በገባው ብርሃን አንድ የአውራ ጣት ርዝመት ያለው የደረቀ እድፍ ጎልቶ ታየ።

አክስቴ በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጉት እጃቸውን ዘረጉ። «ይኸስ ምንድን ነው?»

«የሰው ምራቅ ነው» አልኋቸው።

እጃቸውን ሰበሰቡ።