ዳባት ደርሶ የመጣው ሰላምታ

ሞተር ሳይክል ሬዲዮ ማናገር እንደሚችል ደባርቅ ውስጥ መጀመሪያ የደረስኩበት እኔ ነኝ። እከራከራለሁ የሚል ቢኖር መምህር ደምሴ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስኪሞቱ ድረስ «ሐሳቡ የኔ ነው» ሲሉ ኖሩ። ይበሉ። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ዘመኑም የደርግ ነበር። ቤታችን ውስጥ አራት የባትሪ ድንጋይ የሚጎርስ፣ ባለ እንጨት ሣጥን ሬዲዮ ነበረን። ድንጋይ ሲጠፋ እናቴ ዳንቴል አልብሳ የአበባ ብርጭቆ ታስቀምጥበታለች። ድንጋይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጠፋ ነበር።

አባቴ አቶ አየልኝ የከብት ሐኪም ነበር። ከአንድ የጎንደር ነጋዴ የገዛት ቀይ ሞተር ነበረችው፤ ቀለሟ ከመላጡ የተነሣ ቀይ መሆኗን የምናውቀው እኛ ቤተሰቦቿ ብቻ ነበርን። ሰዉ «ዶቅዶቄ» ሲላት አባቴ ይቆጣል። እንደ እሱ ሞተር ለደስታቸው የሚነዱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የኔው አስተማሪ መምህር ደምሴ፣ ሌላው ዳባት ጤና ጣቢያ የሚሠሩት ጋሽ ይርጋ። ሦስቱ በየወሩ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይገናኙና አንዴ ወደ ዳባት፣ አንዴ ወደ ድብ ባሕር ይነዳሉ። ቤንዚን በኩፖን በነበረበት በዚያ ዘመን ቁልቁለቱን ሁሉ ሞተር አጥፍተው እየተንደረደሩ ነበር የሚወርዱት። ይህ እብደት መሆኑን እናቴ በየወሩ ትነግራቸዋለች።

ነገሩን ልክ እንደ ጽዋ ማኅበር አድርገውት ነበር። ሙሴ፣ ማለት የማኅበር አለቃ፣ መርጠዋል፤ ሙሴው መምህር ደምሴ ናቸው። ሌላው ማኅበር ተረኛው ዳቦና ጠላ ሲያወጣ፣ በእነሱ ማኅበር ተረኛው አንድ ብልሃት ያወጣል። የቤንዚን ጋን ሲያንጠባጥብ ደረቅ ሳሙና ማሸት፣ የፋኖስ መስታወት በአመድ መወልወል፣ የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ለአንድ ዜና ያህል ነፍስ መዝራት፣ ይኼ ሁሉ ከዚያ ማኅበር የወጣ ነው። ብልሃቱ ተሞክሮ ከሠራ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ክላክስ ይነፋለታል። የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ ቀን «ይህ ማኅበር ፈቃድ አለው ወይ?» ብሎ መጥቶ ነበር፤ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ፋኖስ ከበው በአመድ ሲፈትጉ አይቶ፣ የራሱንም ፋኖስ አስወልውሎ ሄደ።

ታላቅ ወንድሜ አስማማው ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ክረምቱን ሙሉ ወሬው ጠፍቶ ነበር። እናቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ስሙን አታነሣም፤ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ግን አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ደጅ ትወጣለች። ታኅሣሥ ላይ አንድ በፈቃድ የሚመለስ ወታደር ከአውቶቡስ ወርዶ ቤታችንን ጠይቆ መጣ። «አስማማው ደህና ነው» አለ። «የሬዲዮ ሰዎች መጥተው ድምፃችንን ቀድተዋል፤ የፊታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ይተላለፋል፤ እሱም አለበት።» እናቴ ለወታደሩ ውሃ ልታመጣለት ሄዳ ጓዳ ውስጥ ቆማ ቀረች።

እሑድ ሊደርስ ነው፤ በደባርቅ ሱቅ ሁሉ ድንጋይ የለም። ያሉንን አራቱን ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው፣ ቀቀልናቸው ማለት ይቻላል፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የከተማው ጄኔሬተር የሚሠራው ማታ ማታ ብቻ ነው፣ ያውም ናፍጣ ሲገኝ። ጋሽ ይርጋ መላ ይዘው መጡ፦ «ዳባት አንድ ጠጅ ቤት ውስጥ ሬዲዮ አለ፤ ባለቤቷ ድንጋይ ደብቃለች። ወይዘሮ ጥሩወርቅን በሞተር ወስደን እናሰማቸው።» እናቴ ነጠላዋን አጥብቃ ተከናነበች፦ «ዶቅዶቄ ላይ ወጥቼ፣ ጠጅ ቤት ገብቼ፣ የልጄን ድምጥ ከሰካራም ጋራ ልስማ? ደግ ነው፣ ጋሽ ይርጋ፤ እርስዎ ይሂዱና ይስሙ።» ነገሩ በዚሁ አለቀ።

እኔ ሐሙስ ዕለት ነው የደረስኩበት። አንዱ ድንጋይ ላይ አንድ ተኩል ቮልት ይላል፤ አራቱ ሲደመሩ ስድስት። የአባቴ ሞተር ባትሪ ላይም ስድስት ተጽፏል፤ የሌሎቹ የሁለቱ ሞተሮች ግን አሥራ ሁለት ነው። ለመምህር ደምሴ ስነግራቸው «ይህን እኮ ሳስበው ነበር» አሉ። ሽቦ ቀጠልን። ሞተሯ ተነሥታ ሳለ ሬዲዮው እንደሚቆላ ቆሎ ተንጣጣ እንጂ ሰው አልወጣውም፤ ሲያጠፏት ግን ጥርት ያለ የሰው ድምፅ ወጣ! ሦስት ጊዜ ክላክስ ተነፋ። ደስታችን ብዙም አልቆየም፤ ባትሪዋ አርጅታ ስለነበር ሰውየው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። አባቴ ፍርዱን ሰጠ፦ «ባትሪ የሚሞላው ሲነዱ ነው፤ እሑድ ጠዋት ዳባት ድረስ ነድተን እንመልሳት። ጠጥታ ትምጣ።»

እንዲህ ሆኖ ነው እኔ በሕይወቴ የመጀመሪያውን የሞተር ጉዞ የሄድኩት። ሐሳቡ የኔ ነውና ማን ይከለክለኛል? አባቴ ካፖርቱን አለበሰኝ፣ ወገቡን አቅፌ ተቀመጥኩ፤ መምህር ደምሴ በራሳቸው ሞተር ተከተሉን። የታኅሣሥ ብርድ አፍንጫ ይቆርጣል፤ ካፖርቱ ቤንዚንና የከብት መድኃኒት ይሸታል፤ መንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደ ገብስ ነው። ቁልቁለት ላይ ሆዴ ወደ ላይ ሲወጣ እንደዚያ ሆኜ ስቄ አላውቅም። ዳባት ደርሰን፣ ጋሽ ይርጋ ቤት ሻይ ጠጥተን ከእሳቸው ጋር ተመለስን፤ መንገድ ላይ ወቅን የምትባለውን መንደር እንዳለፍን የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። የውስጡ ጎማ ተቀዶ መለጠፊያ የሚይዝ አልነበረም።

ፀሐይዋ ከራሳችን በላይ አልፋለች። አባቴ አንዴ ጎማውን፣ አንዴ ሰማዩን ያያል። መምህር ደምሴ ግን መንገድ ዳር ወዳለው አውድማ እየሮጡ ነበር። ገለባ ታቅፈው መጡና ጎማው ውስጥ በዘንግ ይጠቀጥቁ ጀመር። በሬ የሚነዱት ሽማግሌ ሥራቸውን ትተው መጥተው ቆሙ። «እህ! ይችም እንደ በቅሎ ገለባ ትበላለች በሉኛ!» አሉና ሳቁ። አባቴ ገለባውን እየጠቀጠቀ፣ ከሰዓት የልጁን ድምፅ በሬዲዮ ሊሰማ እንደሚጣደፍ ሲነግራቸው ሳቃቸው ቆመ። «ምን ቆማችኋል ታዲያ!» ብለው አውድማው ላይ በቀሩት ገበሬዎች ጮኹባቸው። «አምጡ እንጂ! የልጅ ድምጥ ይጠብቃል ወይ?» አውድማው ሁሉ ገለባ እየታቀፈ መጣ። ከዚያ እስከ ደባርቅ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ከኋላዬ ገለባ እየተበተነ ደረስን።

እናቴ ሳሎኑን ጠርጋ ቄጤማ ጎዝጉዛ ነበር የጠበቀችን። በሌላ ቀን ቤቷ ሞተር ቢገባ ቤቱን ለቃ ትሄድ ነበር፤ ያን ቀን ግን መዝጊያውን ራሷ ይዛ «ግቡ፣ ግቡ» አለች። ሞተሯ ቄጤማው ላይ ቆመች፤ ሽቦው ተቀጠለ፤ ጎረቤት ከግድግዳ ግድግዳ ሞላ። ሰላምታው ተጀመረ። የጎጃም ልጅ፣ የሸዋ ልጅ፣ የሐረር ልጅ እየመጣ «ለእናቴ፣ ለአባቴ» ይላል፤ እናቴ ለእያንዳንዱ «ያግባህ» ትላለች። ድምፁ ጥርት እንዳለ ነበር። ከዚያ የወንድሜ ስም ተጠራ።

«ለእናቴ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ለአባቴ ለአቶ አየልኝ፣ ለእህቴ» አለ አስማማው፤ ድምፁ ጎርንኗል። «እማዬ፣ ደህና ነኝ፤ አታስቢ።»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አባቴ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ፤ ዕንባው እየወረደ፣ እጁ እንደ ማኅበሩ ልማድ ሄዶ ክላክሱ ላይ አረፈ። አንዴ ነፋ። በመካከል ወንድሜ «ግን» ሲል ሰማን። ሁለተኛውን ነፋ። ሦስተኛው ሲነፋ ክላክሱ ራሱ እንደታመመ ጥጃ አቃሰተና ዝም አለ፤ ሬዲዮውም ዝም አለ። ያችን ዳባት ደርሰን፣ ገለባ አብልተን ያመጣናትን ጥቂት ጉልበት ክላክሱ ጠጥቷት ነበር።

«ግን ምን?» አለች እናቴ። «ልጄ ግን ብሎ ምን አለ? ምን ሆንኩ ነው ያለ?»

አባቴ መሬት መሬት እያየ «እኔ ነኝ ያጠፋሁ» አለ። ከዚያ እጁን ወደ መምህር ደምሴ ዘረጋ፦ «ሙሴ፣ የሞተርዎን ቁልፍ።» ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀው የለም፤ ያን ሰዓት የሚናገር ሬዲዮ ያለው ዳባት፣ ያ ጠጅ ቤት ብቻ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ከአቀበቱ ማዶ እስኪጠፋ ድረስ ሁላችንም ደጅ ቆመን አዳመጥን። እናቴ አልተቀመጠችም። ጎረቤት «ደህና ነኝ ብሏል እኮ፣ ምን አነሰሽ?» ቢላት፣ «ከደህና ነኝ በኋላ ግን ያለ ሰው ደህና ነው?» ትላለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቴ የአቧራ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተመለሰ። ደጃፉ ላይ እንደቆመ ተናገረ። «የሰሙ ሦስት ሰዎች አገኘሁ፤ ሦስቱም የየራሳቸውን ነው የነገሩኝ። አንድ ሽማግሌ፣ ግን ብርዱ በርትቶብኛል ነው ያለው አሉኝ። ባለ ጠጅ ቤቷ፣ ግን እናቴ ናፍቃኛለች ነው ያለው ብላ ማለችልኝ። አሳላፊው ልጅ ደግሞ፣ ግን ጥርሴን ያመኛል ሲል ሰምቻለሁ አለ።»

«የትኛው ነው እውነቱ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጥሩ።»

«እንግዲያ ሦስቱም ነው» አለች እናቴ። ለአባቴ ለፋሲካ ያሠራችውን ጋቢ ከሣጥን አወጣች፤ በጥለቱ ጫፍ ለጥርስ ሕመም እንዲሆነው ቅርንፉድ ቋጠረችበት። እነዚህን ሁለቱን ከጨረሰች በኋላ ሦስተኛውን ለማድረግ ጓዳ ገባች፤ አስማማው ከሄደ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ጎረቤት መርዶ መስሎት ተሯሩጦ ሲመጣ ፊቷን ጠርጋ ወጣችና «ግቡ ወደየቤታችሁ፤ ልጄ ደህና ነው፤ ናፍቆት ነው» ብላ መለሰቻቸው። ጋቢው በማግስቱ ወደ ሰሜን በሚሄድ የጭነት መኪና ሄደ።

አባቴ ግን ራሱን ይቅር አላለም። የክላክሱን ሽቦ በገዛ እጁ በጠሰው፤ ከዚያ በኋላ ሰው መንገድ ሲዘጋበት በአፉ «ዞር በሉ!» እያለ ነበር የሚነዳው። ማኅበሩም ብልሃት ሲያገኝ በጭብጨባ ማጽደቅ ጀመረ። ልጁ በሚሊዮን ሰው ፊት ያለውን ቃል እኔ አፉ ላይ ቆረጥኩበት ብሎ ያምን ነበር።

ደርግ በወደቀ ጊዜ አስማማው በእግሩ መጣ፤ ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ጋቢው ትከሻው ላይ ነው። እግሩ ከታጠበ፣ እህል ከቀመሰ በኋላ አባቴ ብዙ ዓመት ሆዱ ውስጥ የያዘውን ጥያቄ አወጣ። «ያን ቀን፣ በሬዲዮ፣ ግን ብለህ ምን አልክ?»

ወንድሜ ለማስታወስ ጊዜ ወሰደበት። «ምንም አላልኩም፣ አባዬ። ግን ብዬ ልቀጥል ስል ቀጂው ሰውዬ ጊዜህ አልቋል ብሎ ለሚቀጥለው ሰጠው። ወረፋው ብዙ ነበር።» ከዚያ ሳቀ፦ «ጋቢውስ ነፍስ ነው ያተረፈ፤ ቅርንፉዱን ግን ለምን እንደሆነ ስላላወቅን በሻይ ጠጣነው።»

እኛ ሳቅን፤ አባቴ አልሳቀም። ቀስ ብሎ «የጠጅ ቤቱ ሽማግሌ ጋቢ አልነበራቸውም» አለ። «በዚያ ብርድ በነጠላ ነበሩ። ባለ ጠጅ ቤቷም ልጇ ዘምቶባታል። ያ አሳላፊ ልጅ ደግሞ፣ አዎ፣ ጉንጩ አብጦ ነበር።»

አሁን ልጄ ባሕር ዳር ናት፤ በፈለገችኝ ሰዓት ትደውላለች፣ ፊቷን አያለሁ፣ ሬዲዮ ከነ ድንጋዩ ተረስቷል። ቃሏ መሐል ላይ ሲቆረጥ «ኔትወርክ ነው» እላለሁና ስልኩን አስቀምጬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ምን ልትለኝ ነበር ብዬ ከእሷ በቀር የምጠይቀው ሰው የለም፤ ብጠይቅስ ማን ያውቃል? ያን እሑድ አባቴን ሦስት የማያውቃቸው ሰዎች «አልሰማንም» ብለው ሊመልሱት ይችሉ ነበር። ባዶ እጁን ወደ ሚስቱ እንዳይገባ አሰቡለትና፣ እያንዳንዱ የራሱን ሕመም አውጥቶ የልጁ ነው ብሎ ሰጠው።