የጎፍታው ደብዳቤ

ተወልጄ ያደግሁት ከወሎ መጥተው ወለጋ በሰፈሩ ገበሬዎች መንደር ነው። የመድኃኒት ባለሙያ ሆኜ ነቀምቴ ጤና ቢሮ ስቀጠር፣ በከተማው ማን ምን እንደሆነ ገና አልለየሁም ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ በራችን ላይ ሲደርሱ፣ ኃላፊያችን ለምን ከወንበሩ ብድግ እንዳለ አልገባኝም። ጽዳት ሠራተኛዋም መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ ቆመች።

«ጎፍታ ናቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። ጌታ እንደማለት ነው። ድሮ አገሩን ሲገዛ ከኖረ ቤት የተወለዱ ናቸው። ሥልጣን ከቤታቸው ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሰው ግን አሁንም ሲያልፉ ይነሣላቸዋል።

ደብዳቤ ይዘው ነበር። በአርጆ መንገድ የምትኖር አንዲት የባህል መድኃኒተኛ በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ታድናለችና፣ በጤና ጣቢያው ግቢ አንድ ክፍል ይሰጣት፣ መንግሥትም ይደግፋት ይላል።

«አባቷ በልጅነቴ አድኖኛል» አሉ። «ያኔ እኛ ዘንድ ሐኪም ቤት አልነበረም። እሱ ባይኖር ዛሬ እናንተ ፊት አልቆምም ነበር።»

ኃላፊያችን አይሆንም ማለት ነበረበት። «እናጣራለን፣ ጎፍታ» አለና ዞሮ እኔን አየኝ።

በማግስቱ አብሬያቸው ሄድኩ። ከዋናው መንገድ ወርደን በቡና ተክል መሀል በእግር ተጓዝን። መንደሩ ውስጥ ስንገባ ውሻው ሁሉ ይጮህብን ጀመር። መድኃኒተኛዋ አጥር ዘንድ ስንደርስ ግን ጸጥ አለ። ውሻ ጠፍቶ አይደለም። ሰባት ስምንት የሚሆኑ ውሾች አጥሩ ሥር ተኝተዋል። አንገታቸውን ቀና አድርገው በዓይናቸው ተከተሉን፤ አንዱም ድምፅ አላወጣም።

«ታመዋል እንዴ?» አልኳቸው።

«የለም፣ እዚህ ሲደርሱ እንዲህ ናቸው» አሉኝ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

መድኃኒተኛዋ አባቷ በስተርጅና የወለዳት፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ማን እንደሆንኩ አልጠየቀችም። ቤቷ ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ነቀምቴ ካለው ባኬ ጃማ ሰፈር የመጣ የባጃጅ ሹፌር፣ የሁለት ልጆች አባት። ከሁለት ቀን በፊት አውራ ጣቱ ሥር ውሻ ነክሶታል። ጎፍታ ስለ እሷ ሲናገሩ ሰምቶ ነው የመጣው።

ጥቁር አረንጓዴ ነገር በዋንጫ አጠጣችው። ከዚያ ውሃ የሞላ የሸክላ ሳህን ፊቱ አኖረች። እንደ እሷ አባባል፣ የራሱን ፊት ካየ ድኗል፤ የውሻ ፊት ካየ ግን በሽታው ገብቷል፣ እሷም ምንም ልታደርግለት አትችልም።

ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ።

«ምን አየህ?» አለችው።

ቀና ሲል እሷን አላያትም። ጎፍታን አየ። «ፊቴን» አለ።

«ገለታ ዋቃ!» ብለው አምላካቸውን አመሰገኑ ጎፍታ።

መድኃኒተኛዋ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም እዪ።»

ጎንበስ አልኩ። በሩ ከኋላዬ ክፍት ስለሆነ ቢያንስ ጥላዬን ማየት ነበረብኝ። ምንም የለም። ውሃው ጥቁር ሆኖ ቀጥ ብሏል። በዚያው ቅጽበት ትከሻዬ አጠገብ አንድ ነገር አየር ሳብ ሲያደርግ፣ ሲያሸት ሰማሁ። ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም።

«ምን አየሽ?»

«ፊቴን» አልኩ።

ስንወጣ ሹፌሩን በሩ ላይ ያዝኩት። «ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂድ። ቁስሉ በሳሙና በደንብ ይታጠብ፣ ክትባትም ጀምር።»

«ጎፍታን ያዳነ መድኃኒት እኔን ያቅተዋል?» አለኝ። ጎፍታ ሦስት እርምጃ ርቀው ቆመው ይሰሙናል። ድምፄን ከፍ አድርጌ «አዎ፣ ያቅተዋል» ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ሪፖርቴም ላይ «ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልገዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ከአንድ ወር በላይ አለፈ። ሆስፒታል የምትሠራ ጓደኛዬ ስትደውልልኝ ወዲያው ሄድኩ። ሹፌሩ መስኮቱ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ነበር። በኩባያ ውሃ ሲያቀርቡለት ጉሮሮውን ያንቀዋል። በሩ ሲከፈት የሚገባው ትንሽ ነፋስ እንኳ መላ ሰውነቱን ያንዘፈዝፈዋል። ሲለቀው ግን አእምሮው ጥርት ያለ ነበር። አወቀኝ።

«አኒ ሆማ ሂንአርጊኔ» አለኝ በኦሮምኛ። ያልገባኝ መስሎት በአማርኛ ደገመው። «ምንም አላየሁም። ሳህኑ ውስጥ ማንም አልነበረም። እሳቸው ቆመው ምን ልበል?»

«እኔም ምንም አላየሁም» አልኩት። ይህን መስማቱ ያጽናናው ወይም የባሰ ያስፈራው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሁለተኛው ቀን ሞተ።

ጎፍታ ለቀብሩ መጥተው ነበር። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ሲያበቃ ወደ እኔ መጡ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ክትባቱን ቢወጋ ይተርፍ ነበር?»

«በጊዜው ጀምሮ ቢሆን፣ አዎ።»

«ያን ቀን ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ቆመው ነበር።»

ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ማንም አልመረጠኝም» አሉ። «ሕክምናም አልተማርኩም። የማላውቀውን ይዤ መንግሥት ደጅ ስሄድ ግን ሰው ሁሉ ይነሣልኛል፤ የሚያውቀውም አፉን ይዘጋል።»

በሳምንቱ ቢሮ መጥተው ደብዳቤውን መልሱልኝ አሉ። ኃላፊያችን ከመሳቢያው አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። እኔም ሪፖርቴን እንደ አዲስ ጻፍኩ፤ ያን ቀን ምን እንዳየሁና ምን እንዳልተናገርኩ ሳልደብቅ። ኃላፊያችን አንብቦ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ጎፍታ ራሳቸው መድኃኒተኛዋ ዘንድ ሄደው፣ የተነከሰ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል እንድትልክ ለመኗት። እሺ አለች።

እሺታዋን አላመንኩም፤ ስለዚህ ላነጋግራት ብቻዬን ሄድኩ። ውሾቹ እንደዚያው ዝም ብለው አሳለፉኝ።

«ያን ቀን ዋሽተሻል» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሁሉም ይዋሻል። በዚያ ውሃ ፊቱን ያየ ሰው የለም። እኔም አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ትጠይቂያለሽ?»

«አባቴ ይጠይቅ ነበር» አለችኝ።

ቃሏን ግን ጠብቃለች። ባለፈው የገበያ ቀን ሁለት ሰው ወደ ሆስፒታል ልካለች፤ እኔም እዚያ ከጓደኛዬ ጋር ተቀበልኳቸው። አንዷ ከአርጆ በሚኒባስ የመጣች እናት ነበረች፤ የተነከሰ እግሯን በነጠላዋ ቁራጭ ጠቅልላዋለች። ቁስሉን አጥበን ክትባቱን አስጀመርናት። የምትመለስበትን ቀን ካርዷ ላይ ጽፌ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ሁለቴ አነበብኩላት።