ያልታመምኩት የወፍ በሽታ

የባሌ ታላቅ እህት በየለቅሶ ቤቱና በየሰርጉ ስለ እኔ የምታወራው ታሪክ አለ። «ይህችን ሴት ከሞት አፍ የነጠቅኳት እኔ ነኝ» ትላለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ከሳህኔ ላይ እጎርሳለሁ። ያኔ የነበሩት ሰዎች ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ሰፈር ለቋል፤ መስካሪ የለም ብላ ነው እንዲህ የደፈረችው። እኔ ግን አለሁ፤ ይኸው እጽፈዋለሁ። ማንበብም ትችላለች፤ መሠረተ ትምህርት አብረን ነው የተማርነው፣ ያውም እኔ ቀድሜያት ጨርሻለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። መርካቶ በርበሬ ተራ መደብ ነበረኝ። መደቡን ያገኘሁት ከእናቴ እንጂ ከባሌ ወገን አይደለም፤ ይህ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ። ቆርቆሮው ቢያፈስም ቦታው መግቢያው ላይ ስለነበር፣ ከእህል በረንዳ ጤፍ ገዝቶ የሚመለስ ሁሉ በፊቴ ሳያልፍ አይሄድም። የባሌ እህት ደግሞ ጭድ ተራ ጫፍ ላይ፣ ጸሐይና ዝናብ በሚፈራረቁበት ቦታ ጌሾ ትሸጥ ነበር። በመጣች ቁጥር መደቤ ላይ ትቀመጥና እንጨቱን በመዳፏ እየዳበሰች፣ «ይሄ ቦታ እኮ ለሚያውቅበት ሰው ወርቅ ነው» ትለኛለች። የማላውቅበት እኔ ነኝ ማለት ነው።

አንድ ክረምት ድንገት የወረደ ዝናብ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቶ ግማሽ ጆንያ የተፈጨ እርድ አራሰብኝ። እርድ ከራሰ ወዲያው ካላሰጡት ይሻግታል። እኔም እንደ እርዱ ርሼ፣ ሸራ ላይ ዘርግቼ በሁለት እጄ ሳገላብጥ ዋልኩ። ግንባሬን ሲያልበኝ ግንባሬን እጠርጋለሁ፣ ዓይኔን ሲያሳክከኝ ዓይኔን አሻለሁ። ማታ ቤት ስገባ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ራሴን ፈለጠኝ፣ አፍንጫዬ ይወርዳል። ጉንፋን መሆኑን አውቄ ፊቴን ሳልታጠብ ተኛሁ።

ቤታችን አንድ መስኮት ብቻ ነበረው። አማቴ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሻጮች በርካሽ ያገኙትን ቢጫ መጋረጃ ሰቅለውበታል። በዚያ መጋረጃ በሚገባው ብርሃን ወተት እንኳ ቅቤ ይመስላል። ጠዋት አማቴና የባሌ እህት ተከታትለው ገብተው ከራስጌዬ ቆሙ።

«ውይ! ውይ እማዬ፣ ዓይኗን እዪውማ!»

«ምን ሆነ ዓይኗ?»

«ቢጫ ሆኗል እኮ! ፊቷስ! የወፍ በሽታ ነው!»

«እርድ ነው» አልኩ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። «ሳገላብጥ የዋልኩት እርድ ነው።»

«እርድ ትኩሳት ያመጣል? ስንት ዓመት ሙሉ አልጫ ስሠራ መቼ ነው እኔ የተኛሁት?»

አማቴ ጣሪያውን ቃኙ። «በሩን ክፍት ትተሽ የሌሊት ወፍ ገብቶ ሸንቶብሽ ይሆናል።»

በሩን ክፍት የሚተወው ልጃቸው ነው። 

በዚያው ሰዓት ሕግ ወጣልኝ። ቅቤ አልቀምስም። የበርበሬ ሽታ አይደርስብኝም፤ ስለዚህ በርበሬ ተራ አልሄድም። ከሁሉም በላይ ሐኪም ቤት አልረግጥም፤ የወፍ በሽታ የያዘውን ሰው መርፌ ከነካው እዚያው ያልቃል ይባላልና። «ይሄ የሐኪም አይደለም» አለች የባሌ እህት፣ ሐኪም ያማከራት ይመስል። ቀጥላም፣ «መደብሽ አያሳስብሽ፣ እኔ እይዝልሻለሁ» አለች። እኔ ገና ስለ መደብ አላነሳሁም ነበር።

ወደ መደቤ ከመሄዷ በፊት መድኃኒት አመጣችልኝ። በቢራ ጠርሙስ የተሞላ፣ አረንጓዴ፣ ሽታው የደጃችንን ቦይ የሚያስንቅ ጭማቂ ነው።

«ቅጠሉ ምን ይባላል?»

«ስሙ ከተጠራ አይሠራም። አንዴ ጭልጥ!»

ጭልጥ አደረግኩት፤ እሱም የገባበትን መንገድ ይዞ ተመለሰ፣ የማታ እራቴንም አስከትሎ። «ተመስገን!» ብላ አጨበጨበች፣ «በሽታው እየወጣ ነው!» ባላስመልስስ ኖሮ ብዬ ጠየቅኳት። «ያኔማ ሥር ሰዷል ማለት ነው፣ ሁለተኛ ጠርሙስ ያስፈልግሽ ነበር።» ከእንዲህ ዓይነት መድኃኒት ጋር ተከራክሮ የሚያሸንፍ የለም።

የግቢው ጎረቤት ሁሉ እየገባ መከረኝ። አንዷ ሸንኮራ ምጠጪ አለች፣ ሌላዋ ጸበል። «ቢጫ ነገር አትዪ» ያለችም ነበረች፤ መጋረጃውን ግን ያወረደው የለም። ለበሽተኛ ጣፋጭ ይሻለዋል ተብሎ ከቀበሌ የተሸመተው ስኳር ሁሉ ለእኔ ተመደበ። ስኳሩን በሻይ የጠጡት ጠያቂዎቼ ናቸው።

ስለ ባሌ ብዙ አልጽፍም። «እህቴ ታውቃለች» አለ፤ ይበቃል።

ጉንፋኔ እንደ ማንኛውም ጉንፋን ለቀቀኝ። ፊቴን ታጠብኩ፤ የመዳፌና የጥፍሬ እርድ ግን በሳሙና የሚበገር አልነበረም። «ገና ነው፣ ከተነሳሽ ያገረሻል» ተባልኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከመደቤ ጎን ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የምትሸጠው የወሎ ሴት ልትጠይቀኝ መጣች። አማቴ ሻይ ሊጥዱ ሲወጡ ጎንበስ ብላ፣ «እህቴ፣ ወላሂ መተኛቱን ተይው» አለችኝ። «ያቺ ሴትዮ በርበሬሽን ከኋላ ከምራ ጌሾዋን ከፊት ደርድራለች። ለሚመጣው ሁሉ ‹ከእንግዲህ እኔ ነኝ እዚህ› እያለች ነው።»

ያን ጊዜ ነጠላዬን አንስቼ ተነሳሁ፤ ሐኪም ቤት ሄጄ ጤነኛ መሆኔን ላስመሰክር። አማቴ መርፌ እንዳይነካኝ ሊጠብቁ ተከትለውኝ መጡ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ የማይቆጣ። «ሽንትሽ መልኩ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አሉ አማቴ።

«እርስዎን አይደለም እናቴ።»

«ምራቴ ናት፤ የእሷን እኔ አላውቅም?»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ ግቢው አወጣኝና በጸሐይ ብርሃን የዓይኔን ቆብ ገልጦ አየ። «ነጭ ነው» አለ። ሆዴን በቀኝ በኩል ነካክቶ ያመኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያ ጥጥ አልኮል አስነክቶ መዳፌን ሲጠርገው ጥጡ ቢጫ ሆነ። «ይሄ ለአልጫ ይሆናል እንጂ በሽታ አይደለም።» ወደ አማቴም ዞሮ አስረዳቸው፦ የጉበት በሽታ ቀልድ እንዳልሆነ፣ እውነተኛው ሲይዝ የዓይን ነጩ ራሱ ቢጫ እንደሚሆን፣ ሽንትም እንደ ጥቁር ሻይ እንደሚጠቁር፣ ያኔ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መምጣት እንደሚገባ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ደግሞ ጤነኛውንም ጉበት ሊጎዳ እንደሚችል። እኔ እስከ ዛሬ ለሰው የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ከሱ ጋር ደግሞ መጋረጃ ግለጡ እላለሁ።

አማቴ በጥሞና ሰሙት። በር ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዙኝ። «አየሽ? የወፍ በሽታ መሆኑን አውቆ ነው መርፌ ያልወጋሽ።»

መልሰው አስተኙኝ። ባሌም ተኚ አለ። ሐኪም ያልፈታውን ነገር የፈታችው የባሌ እህት ምላስ ናት።

ለካስ መደቤ ላይ መቀመጧን ለሰው ስታስረዳ፣ «የመደቡ ባለቤት የወፍ በሽታ ይዟት ቢጫ ሆናለች፣ የምትተርፍም አይመስለኝ» እያለች ነበር የምትሸጠው። ገበያተኛው ደግሞ፣ «እርዱን በእጇ ያገላበጠችው እሷ አይደለች?» ማለት ጀመረ። በርበሬውም፣ እርዱም፣ ጌሾውም ተፈራ። የወሎዋ ሴት ዳግመኛ መጥታ ስትነግረኝ በሳቅ እንባዋ ይወርድ ነበር፤ ሰው መደቡ ጋ ሲደርስ ነጠላውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ማዶ ይሻገራል አለችኝ።

በማግስቱ የባሌ እህት ራሷ መጣች። ድምጿ ማር ሆኗል።

«እህቴ፣ ተነሺ እንጂ፣ መኝታ በዛ። መደብሽ ላይ ትንሽ ብትቀመጪ አየርም ታገኛለሽ።»

«ያገረሽብኛል።»

«ኧረ አያገረሽም!»

«የበርበሬ ሽታ አይሆንሽም ተብያለሁ።»

«ማነው ያለው?»

«አንቺ።»

ፈነዳች። «አንቺ ልጅ፣ ሰው አልገዛ አለኝ! ነይና ደህና መሆንሽን ይይ!»

«እመጣለሁ» አልኳት። «ምን እንደሆንኩ ግን ለሰዉ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። ጮክ ብለሽ።»

በርበሬ ተራ ስንደርስ ሰው ከቦ ቆመ፤ መርካቶ ውስጥ ለመቆም ምክንያት የሚያጣ የለም። የባሌ እህት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እሷ… ደህና ናት። እርድ ነው።»

«አልሰማንም!» አለች የወሎዋ ሴት ከመደቧ።

«እርድ ነው! የወፍ በሽታ አይደለም!»

አንዲት ጎጃሜ ደንበኛዬ ዘንቢሏን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች። «ትናንት የሌሊት ወፍ ሸንቶባታል ስትይኝ አልነበር?»

«ተሳስቼ ነው።»

«አሁንስ አለመሳሳትሽን በምን እንወቅ? እስቲ አንቺም ንኪውና እንይ።»

ምርጫ አልነበራትም። እጇን ውኃ አስነክታ እርዱ ውስጥ እስከ አንጓዋ ከተተች፤ አሽታ አሽታ ሁለቱንም መዳፎቿን ወደ ላይ አነሳች። እንደ አደይ አበባ በርተዋል። ሰዉ በሳቅ አለቀ። ጎጃሜዋ ዘንቢሏን አነሳችና፣ «ከበርበሬው መዝኚልኝ» አለች፤ ለእኔ ነው።

የባሌ እህት መዳፎቿን እንዳነሳች መደቤ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ፤ የራሴን ሚዛን ከኋላ ጎትቼ አወጣሁ። ጌሾዋን በእግሬ ገፋ አደረግኩት።

«ይህን ወደ ጭድ ተራሽ ውሰጂው» አልኳት። «እጅሽን ግን መጀመሪያ ታጠቢ፤ ቢጫ ጠላ የሚጠጣልሽ የለም።»