ሳህን የማያነቃንቅ ሚስማር

ሰው ምሳ አድርሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔ ሞኟ ምሳ አድርሼ አርባ ዓመት ቀረሁ።

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጀጎል ግንብ ወጣ ብሎ የአናጢ ሱቅ ነበረው። በተጋባን በወሩ ምሳውን ይዤለት ብሄድ ረጅም ጣውላ ሲልግ አገኘሁት። "ያቺን ጫፍ አንዴ ያዢልኝ" አለኝ። ያዝኩለት። እስከ ዛሬ ልቀቂ ያለኝ የለም። ምሳውም ቀዘቀዘ።

ያን ቀን ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው፣ መላጊያ የሚገፋው በክንድ ሳይሆን በወገብ ነው። ሁለተኛው፣ አናጢ ሲናደድ የሚሳደበው እንጨቱን እንጂ ሚስቱን አይደለም። ሁለተኛው ውሸት ነው፤ እኔንም ይሳደብ ነበር። እኔ ግን እንደ እንጨቱ ዝም አልልም።

በዓመቱ ከጫፍ ያዥነት ወደ ብርጭቆ ወረቀት አሻሽነት አደግኩ። ከዚያ ኮላ ቀቢ፣ ከዚያ ሊስቴሎ መቺ ሆንኩ። ሊስቴሎ በበርና በመስኮት ዙሪያ፣ በመደርደሪያ ጠርዝ፣ የሥራውን ጉድ የሚሸፍን ቀጭን እንጨት ነው። "አናጢ ያበላሸውን ሊስቴሎ ይሸፍነዋል" ይል ነበር ባሌ። "ሊስቴሎው ራሱ የተበላሸ እንደሆነስ?" ስለው "ሚስቴ ናት የመታችው እላለሁ" አለኝ። ብሎም ያውቃል።

እሱ ሲሞት ሱቁን ዝጊ አሉኝ። አልዘጋሁም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሜትር ላይ ያለውን ቁጥር ግን ባሌ በቁጣም በሳቅም አስገብቶልኛል። ሙያውን ይዤ ልጅም የልጅ ልጅም አሳደግኩ።

ካቻምና ግን እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መዶሻው ሚስማሩን እየተወ አውራ ጣቴን ይመርጣል። ከሱቄ ጎን ቅመም የምትሸጠው ጎረቤቴ አስካለ ቆማ ታየኝና "አንቺ ሴትዮ፣ ሚስማሩን ነው ጣትሽን የምትመቺው? ዝጊና አርፈሽ ተቀመጪ፣ ሰው ይስቅብሻል" ትለኛለች።

"በእኔ ካልሳቀ በማን ሊስቅ ነው? በአንቺ እንዳይስቅ ቅመምሽ ያስነጥሰዋል!"

እንዲህ ስንሻኮት ነው ሐጃ ዘይቱና የመጡት።

ሐጃ ጀጎል ውስጥ የታወቁ እመቤት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ልታገባ ዐሥር ቀን ቀርቷታል። "ነይ ግድግዳዬን እዪልኝ" አሉኝ፤ ሄድኩ። ትልቁ ክፍላቸው፣ ነደባ የሚሉት ባለ ደረጃ መቀመጫ ያለበት፣ ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች አሉት። የመደርደሪያዎቹን ጠርዝ ምስጥ ምሳው አድርጎታል። ከዚያ ውጭ ያለው ግድግዳ ሁሉ ሳህን ነው፤ አበባማ፣ ባለ ወርቅ ቀለም፣ ከላይ እስከ ታች።

"ሐጃ፣ ሳህኖቹን ያውርዱልኝና ነገ እጀምራለሁ" አልኳቸው።

"አይወርዱም።"

"እንዴት አይወርዱም?"

"ትናንት አክስቶቿ ቢስሚላህ ብለው ሰቅለዋቸዋል። በእኛ ቤት የሙሽራ ግድግዳ አንዴ ከለበሰ ሠርጉ ሳያልፍ አይራቆትም።"

"በመዶሻ ስመታ እነሱው ይወርዳሉ እኮ!"

"እሱንማ አየሁት። ዛሬ ጠዋት የመጣው አናጢ ሁለቴ መታ፣ ሁለት ሰበረ፣ አባረርኩት። አንቺ ከቻልሽ ሥሪው። ካልቻልሽ ምስጥ የበላውን ይዤ በአማቾቿ ፊት ማፈሬ ነው።"

"እችላለሁ" አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ ከእጄ ጋር አልተማከረም።

ለአስካለ ስነግራት በሳቅ ሞተች። "በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅሽ? አንድ ሳህን ብትሰብሪስ?"

"አንድ ሳህን ከሰበርኩ ሱቄን ዘግቼ ካንቺ ጋር በርበሬ እለቅማለሁ!"

"ስሙልኝ!" ብላ መንገደኛውን ሁሉ አስመሰከረች። አፌ ለሁለተኛ ጊዜ ጉድ ሠራኝ። ማታ መዶሻዬን አየሁት፤ እሱም አየኝ።

ያወጣኝ ጀማል ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት ጎማ የሚነፋው ጎሚስታ። "አቦ እማማ፣ በአየር የሚመታ የሚስማር ሽጉጥ አለ እኮ። አንዴ ጧ ነው፣ ግድግዳ አያርበደብድም። እርስዎ ሽጉጡን ይግዙ፣ ጎማ የምነፋበትን ኮምፕረሰሬን አውስዎታለሁ" አለኝ።

የሕንፃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ሦስት ሽጉጥ ደረደረልኝ። መጀመሪያ ትልቁን አነሳና "እናቴ፣ ይሄ ነው ጉልበተኛው" አለኝ።

"ጉልበተኛ ባል ነበረኝ። አሁን የምፈልገው ጨዋ ነው" አልኩት።

ሚስማሮቹን መዳፌ ላይ አስቀመጥኳቸው። የትልቁ እንደ ወስፌ ነው፤ ለበር ፍሬም ደግ ነው፣ ቀጭን ሊስቴሎ ግን ይሰነጥቃል። የትንሹ እንደ ስፌት መርፌ ነው። አይሰነጥቅም፣ ቀዳዳውም በጥፍር ጫፍ ስቱኮ ይደፈናል። ይዞታው ልል ስለሆነ ከሥሩ ኮላ ይፈልጋል። ርዝመቱን ደግሞ በሊስቴሎው ውፍረት ለካሁ፤ ሦስት እጥፍ ይሁን። አንዱ እጅ ሊስቴሎው ውስጥ ይቀራል፣ ሁለቱ እጅ ከኋላ ያለውን እንጨት ይነክሳል።

መርፌ ሚስማር የሚበሉት ሁለት ሽጉጦች ቀሩ። አንደኛው ቃታው እንደተያዘ አፉ የነካውን ሁሉ ይተኩሳል። "ይሄን በእኔ እጅ ብትሰጠኝ ሠርገኛውን እጨርሳለሁ፣ መልሰው" አልኩት። ሌላኛው አፉን እንጨቱ ላይ ተጭነው ቃታውን ካልሳቡ አይተኩስም፤ አንድ ስበት፣ አንድ ሚስማር። ጥልቀቱን የሚያስተካክል ትንሽ መዘውር አለው። አፉ ላይ ደግሞ እንጨቱን እንዳይጎዳ የጎማ ቆብ አጥልቋል። ክንዴን ዘርግቼ ያዝኩትና ባለሱቁን ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቶቹ ጠየቅኩት። ከብት የለውም። ክንዴ ግን አልዛለም። ይሄንን ገዛሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሙከራ የሚያኮራ አልነበረም። የጀማል ኮምፕረሰር ለጭነት መኪና ጎማ እንደተሞላ ነበር። አንዴ ብተኩስ ሚስማሩ ሊስቴሎውን በስቶ ጠረጴዛዬ ውስጥ ገባ። ሊስቴሎና ጠረጴዛ ተጋቡ፤ በመጋዝ ነው ያፋታኋቸው። ጀማል አየሩን ቀነሰና፣ የቆጣሪው ቁጥር ለዓይኔ ስለሚደቅብኝ፣ ልኩ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረገልኝ። የጥፍር ቀለሙን ያመጣችው አስካለ ናት። ዕድሜዋ ስድሳ አልፏል፤ ለማን እንደምትቀባ አልጠየቅኳትም።

ሁለተኛው ጥፋት የእኔ ነው። ጀማል "ጠዋት ጠዋት በአየር ማስገቢያው ሁለት ጠብታ ዘይት" ብሎኝ ነበር። ዘይት ዘይት ነው ብዬ ከወጥ ቤት አመጣሁ። ስተኩስ ሱቁ ሳንቡሳ ሳንቡሳ ሸተተ፤ ሁለት ሰው "ስንት ነው?" ብሎ ገባ። በማግስቱ ሽጉጡ ውስጡ ተጣብቆ እምቢ አለ። ጀማል ፈትቶ አጠበውና "እማማ፣ የመኪና ነገር በመኪና ዘይት፣ የሆድ ነገር በሆድ ዘይት" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ነው የማጠጣው።

የሥራው ቀን ደረሰ። ጀጎል ውስጥ ሐጃ ቤት የሚያደርሰው መንገድ ባጃጅ አያስገባም። ከድሬ ጠያራ ሽንኩርት ጭኖ ጊደር መጋላ ገበያ የመጣ ገበሬ ሸቀጡን አራግፎ አህያውን ሰጠን። ኮምፕረሰሩን በአንድ ጎን፣ ለሚዛን ሁለት አሮጌ ቸርኬ በሌላው ጎን ጭነን ገባን። አስካለም ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችን። "ለምስክርነት ነው" አለች። ለበርበሬ ለቀማው ቅርጫት እንኳ አዘጋጅታልኛለች፤ ውርርዳችንንም እንደደረስን ለሐጃ ነገረቻቸው።

ኮምፕረሰሩ ግቢ ቀረ፤ ጀማል አጠገቡ ቁጭ አለ። እኔ ቱቦውን ይዤ ገባሁ።

የጀጎል ግድግዳ ድንጋይ ነው። ቀጭን ሚስማር ድንጋይ ሲያገኝ ተጣጥፎ ይመለሳል፣ ሊስቴሎውንም ይዞ ይጠፋል። የድሮ ግንበኞች ግን ነገ አናጢ እንደሚመጣ ያውቁ ነበርና በድንጋዩ መሃል ሚስማር የሚይዝ የጥድ ቁራጭ፣ ታኮ የምንለውን፣ ቀብረዋል። ኖራ በላዩ ላይ ስንት ጊዜ ተቀብቶ ታኮው አይታይም። በጣት አንጓ ነው የሚፈለገው። ድንጋዩን ስታንኳኳው ዝም ይላል፤ ጥዱን ስታንኳኳው "አቤት" ይላል። ይሄን ያስተማረኝ ባሌ ነው። አቤት ያለበትን ሁሉ በእርሳስ አመለከትኩ፣ ኮላዬን ቀባሁ፣ የዋንዛ ሊስቴሎዬን አስቀመጥኩ።

እጄ ተንቀጠቀጠ። አፉን ተጫንኩት። ሲጫኑት እኮ መንቀጥቀጥ ይቆማል! ጧ!

ቀና ብዬ ሳህኖቹን አየሁ። አንዷም ንቅንቅ አላለች። ከሙሽራዋ አክስቶች አንዷ እልል አለች። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው፤ አንድ ሚስማር፣ አንድ እልልታ። እንደ እውነቱ ሳህኑን የሚያነቃንቀው እልልታው ነበር።

ሽጉጡን ከእንጨቱ ጅማት ጋር አላስተኛውም፤ አቋርጬ ነው የምይዘው። ጅማቱን ከተከተለ ሚስማሩ ታጥፎ በጎን ብቅ ይላል። ሊስቴሎውን የሚይዘው እጅም ከሽጉጡ አፍ አንድ ስንዝር ይራቅ። የአናጢ ጣት ዐሥር ነው፣ መለዋወጫ የለውም።

የመጨረሻው መደርደሪያ ላይ ስደርስ ከግቢ "አቦ እማማ፣ መብራት ሄደ!" አለ ጀማል።

በኮምፕረሰሩ በርሜል ውስጥ የቀረ አየር አለ። ግን ቱቦው መጋጠሚያው ላይ ስስስ ይላል፤ ባልተኩስም አየሩ እየሄደ ነው። ኮላው ደግሞ ተቀብቷል፣ ሊስቴሎው በእጄ ነው። ለዚያ ጠርዝ ስምንት ሚስማር አስቤ ነበር።

"አየሩ ቀዩ ነጥብ ጋ ወርዷል! ይቸኩሉ!" አለ ጀማል። የዙህር ሶላት ደርሶበት እሱም ቸኩሏል።

አስካለ ቅርጫቷን አስተካከለች። አየኋት።

ስምንቱን ተውኳቸው። አራት ታኮ ነው ያለው፤ አራት ሚስማር ይበቃል፣ ሌላውን ኮላ ይያዘው። አንድ፣ ጧ። ሁለት፣ ጧ። ሦስተኛው ድምፁ ሳሳ። አራተኛው ላይ ሽጉጡ እንደ ሽማግሌ ሳለ፤ ሚስማሩ ገባ ግን አናቱ ብቅ ብሎ ቀረ። ብቅ ያለውን በጉጠት ቆረጥኩ፣ ስቱኮ ጠረግኩበት። ሊስቴሎውን ሳብኩት። አልመጣም።

"አለቀ!" አልኩ። ሐጃ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ቤቱ በእልልታ ሞላ። ሥራ ደግሞ በርቀት ነው የሚታየው፤ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ እየተኩራራሁ፣ ወደ ኋላ ሄድኩ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ።

መብራት መጣ።

የኮምፕረሰሩን ማጥፊያ ያጠፋ ሰው አልነበረም። ጀማል ሶላት ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ኮምፕረሰሩ ደገደገደገ ብሎ ሲነሳ በድንጋጤ ወደ ኋላ ዘለልኩ። በስተኋላዬ፣ ከበሩ ጎን፣ አንዲት ሳህን ዝቅ ብላ ተሰቅላ ነበር። መቀመጫዬ አገኛት።

ኪው! ብላ ወለሉ ላይ ተበተነች።

አስካለ ቅርጫቷን አንስታ "እህ?" አለች። አርባ ዓመቴ በዓይኔ ላይ አለፈ፤ መላጊያው፣ ኮላው፣ ያ የያዝኩት ጫፍ። አሁን ልቀቂ ሊሉኝ ነው አልኩ።

ሐጃ ጎንበስ ብለው ስባሪዋን አነሱ፣ አገላብጠው አዩ። ከዚያ ጆሮዬ ጋ ተጠግተው በሹክሹክታ "ይቺ የአማቴ ስጦታ ናት። ወላሂ ስንት ዘመን እስክትሰበር ስጠብቃት!" አሉኝ። ቀና ብለው ደግሞ ለሁሉም እንዲሰማ "ሽጉጡ አልሰበረም፣ ሥራዋም አልሰበረም! የሰው ዓይን ነው የወጣው፣ አልሐምዱሊላህ! ሱቋ አይዘጋም!" አሉ። እልልታው ተመለሰ። አክስቶቹ ስባሪውን እየጠረጉ ሲስቁ እኔም ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ሠርጉ አለፈ። ሊስቴሎው አለ፣ ሱቄም አለ፣ ከዚያ ወዲህ ሦስት ቤት ሠርቻለሁ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይሄው ነው። መሣሪያ ስትመርጡ መጀመሪያ ግድግዳውን እዩ፣ ቀጥሎ እጃችሁን፤ ጉልበቱ የመጨረሻ ነው። መብራት ሲሄድም ማጥፊያውን አጥፉ።

ሳህኗ በተሰበረች ማግስት ጠዋት አስካለ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ሱቄ ገባች። ሽጉጡን አንስታ አገላበጠችው፤ አፉ ላይ ያለውን የጎማ ቆብ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና አስቀመጠችው።

"ይቺን ጎማ ያለቦታዋ ነው ያደረግሻት" አለችኝ። "ለመቀመጫሽ ነበር።"