በደቦ የሠራነው የቶሌራ ጊታር

ጠዋት ስልክ ሲደወልልኝ የደወለችውን ልጅ ተቆጣኋት። «ማን ነገረሽ? መጀመሪያ አጣሪ እንጂ» ብዬ ዘጋሁባት። ሌላ ሰው ጋ ደወልኩ፤ ያው ወሬ ነው። ቶሌራ አርፏል።

እኔ እስካሁን አላመንኩም። ማክሰኞ ሆስፒታል ሄጄ ሳየው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሾርባውን እየጠጣ በኔ አዘማመር ይቀልድ ነበር። «ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሁሌ ትሮጫለሽ፤ ማን እያባረረሽ ነው?» አለኝ። ሰው እንዲህ እየተሳለቀ ይሞታል?

ለማታውቁት፣ ቶሌ እዚህ አምቦ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ለኛ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ጊታር ተጫዋች። ማልቀሱን በኋላ እቀጥላለሁ፤ አሁን ስለ ጊታሩ ልንገራችሁ። ይሄ ሰው በለቅሶ ብቻ የሚሸኝ አይደለም።

ኳየራችን የራሱ ጊታር አልነበረውም። ከሌላ አጥቢያ እየተዋስን ነበር የምንዘምረው። ጉደር ላይ ትልቁ ኮንፈረንስ ሊደርስ ሲል ባለቤቶቹ መጥተው ወሰዱት። መብታቸው ነው፤ እነሱም ይዘምሩበታል። ግን አንዱ ልጅ ሲወጣ ዞር ብሎ «እናንተ በጭብጨባ ትችሉታላችሁ» አለን። ያቺ ቃል አንጀቴን አሳረረችው። ሽማግሌያችን ኦቦ ዲንሳም «ሰው ፊት ከምንዋረድ ዘንድሮ ቤታችን እንቀመጥ» አሉ።

በሳምንቱ ቶሌ ካርቶን ታቅፎ መጣ። ዱባይ ያለችው እህቱ የላከችለት ነው። ሲከፍተው ጊታር የለም። ያልተቀባ እንጨት፣ ለብቻው የጊታር አንገት፣ ሽቦ፣ ማግኔት፣ በላስቲክ የታሰረ ብሎን። ተያየን። «የተገጠመ አልነበራትም?» አለ አንዱ።

«ይሄ ይሻላል። የተገጠመ ብትልክ እኮ ያው የሰው ጊታር ነው» አለ ቶሌ።

ኦቦ ዲንሳ «ልጄ፣ ይሄ የፋብሪካ ሥራ ነው» ሲሉት ያችን የተለመደች ቃሉን ተናገረ። «ራኮ ሂንቀቡ ኦቦ ዲንሳ፣ ችግር የለውም። ሰው ነው የሠራው፤ እኛም ሰው ነን።» ክፍል ውስጥ ከባድ ጥያቄ ቦርድ ላይ ሲጽፍም እንደዚሁ ነበር የሚለው፤ ተማሪዎቹ ይመሰክራሉ።

ቅዳሜ ደቦ ጠራ። አዎ፣ ደቦ፤ ጤፍ የሚያሳጭድ ይመስል። እንጨቱ ከመቀባቱ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ መለስለስ ነበረበት። ግቢው ሞላ። እናቶች ቆሎ ይዘው መጡ። ደቦ ላይ ደግሞ እጁን ሳያሳርፍ የሚሄድ የለም፣ ነውር ነው። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል፤ ለማየት ብቻ የመጣውም «እስኪ አምጡት» ይላል። እየዘመርን አሸነው። እንጨቱ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰ፤ ኩራታችንም ሌላ ሆነ።

ከዚያ ቶሌ አንገቱን ሊገጥም ሞከረ። አንገቱ የሚገባበት ጉድጓድ ሰፍቷል። ያ ሁሉ ሰው፣ ማንም ሳያዘው፣ ውስጡንም አሽቶታል። አንገቱ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ተነቃነቀ። እንደዚህ እያለ ክር ቢወጠርበት ቅኝት አይዝም። ቀጥሎ ሁሉም «እኔ ጀርባውን ነው ያሸሁት» ማለት ጀመረ። ያን ቀን ጀርባውን ያላሸ ሰው አልተገኘም። ኦቦ ዲንሳ ባርኔጣቸውን አንስተው ሊሄዱ ተነሱ። እኔም ጉደር መሄዳችን ቀረ ብዬ እንባዬ መጣ።

ቶሌ ግን ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። ቦርሳውን ከፍቶ ቦርድ ላይ የሚያሰምርበትን የእንጨት ማስመሪያ አወጣና በመጋዝ ቆረጠው። ቁራጩን በስሱ ፍቆ የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ በኮላ ለጠፈው። ኮላው ሲደርቅ አንገቱ ጥርቅም ብሎ ገባ። ኦቦ ዲንሳ ራሳቸው ይዘው ወዘወዙት፣ እምቢ ሲላቸው ባርኔጣቸውን አስቀምጠው ተመልሰው ቁጭ አሉ።

«ሰኞ በምን ልታሰምር ነው?» አልኩት።

«በእጄ። ልጆቹ መስመሬ ጠማማ መሆኑን ለምደውታል።»

ጉደር ላይ ስማችን ሲጠራ መድረክ ላይ ወጣን። ቶሌ የጊታሩን ጃክ ድምፅ ማጉያው ላይ ሰካ። የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ከኋላ እልልታ ቀለጠ። እነዚያ ደቦ የወጡ እናቶች ናቸው፤ ከአምቦ በአይሱዙ ተጭነው መጥተዋል። እኛ አፋችንን ሳንከፍት እነሱ ጀመሩት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ዘምሬ አላውቅም። ሦስተኛው ስንኝ ላይም ሮጥኩ፤ ማን ሊይዘኝ። ኦቦ ዲንሳ፣ ያ ደረቅ ሽማግሌ፣ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሁሉ በክርናቸው እየጎሸሙ «የኛ ነው፣ እኛ ነን የሠራነው» ይሉ ነበር።

ከሰዓት የነዚያ ያዋሱን ሰዎች ጊታር ክር ተበጠሰ። መለዋወጫ አልያዙም። ያ «በጭብጨባ ትችሉታላችሁ» ያለን ልጅ እየተሽኮረመመ ወደኛ መጣ። እኔ መልሱን አፌ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ቶሌ ግን ልጁን አላስጨረሰውም። ጊታሩን ትከሻው ላይ አንጠለጠለለትና ማንገቻውን በቁመቱ ልክ አሳጠረለት። ልጁም በደንብ ተጫወተበት፤ እውነቱን መደበቅ አልችልም።

ከዚያ ወዲህ የጊንጪም የካቺሲም ኳየሮች እየጠሩት ሄዶ ጊታር አሠርቷቸዋል። ደቦውን አልተወም። አንገቱ የሚገባበትን ጉድጓድ ግን ሰው ከመምጣቱ በፊት በፕላስተር ይሸፍነው ነበር።

ቶሌዬ፣ ነገ ስንሸኝህ እዘምራለሁ፤ ድምፄ ቢሰበር ታገሰኝ። የጊንጪዎቹ ጊታራቸውን ይዘው እየመጡ ነው፣ የካቺሲዎቹም መንገድ ጀምረዋል። ኦቦ ዲንሳ ያንተን ጭናቸው ላይ አድርገው ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል፤ ለማንም አልሰጡም። ነገ አንተን ለመሸኘት ከማንም አንዋስም። ራስህን ቀና አድርገህ ሂድ፣ ወንድሜ። ነጋቲ፣ ደህና ሁን።