ትል የበላውን ዋንዛ ቀፎ አደረግሁት

ከደጄ ሁለት ዋንዛ ነበረኝ። አንደኛውን ጢንዚዛ በላው። ሁለተኛውን ለጢንዚዛው ያቀረብኩለት እኔ ነኝ።

አንደኛው ሲታመም ቅጠሉ ያለጊዜው ረገፈ። ከሥሩ እንደ በሶ ዱቄት ያለ ብናኝ ይከማቻል፤ ዛሬ ብጠርገው ነገ ተመልሶ አገኘዋለሁ። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ከቦንጋ የመጣች ልጅ ናት። ግንዱን ዞራ አየች፣ ቀዳዳዎቹን በጣቷ ነካካች።

«አባባ፣ ይሄ ጢንዚዛ ነው። እንቁላሉን ልጡ ላይ ይጥላል፣ ትሉ ገብቶ እንጨቱን ይበላል። ይሄኛው አልፎበታል። ይቆረጥና ይቃጠል» አለችኝ።

«መድኃኒት አይረጭም?»

«ውስጥ የገባውን ትል አያገኘውም። ንብዎን ግን ይፈጅብዎታል።»

መቁረጡን ተቀበልኩ፣ ማቃጠሉን አልተቀበልኩም። በእኛ በካፋ ዋንዛ ሲፈለፍሉት የሚታዘዝ እንጨት ነው። ቀፎ የሚሆን ግንድ እሳት ውስጥ የሚከት ሰው በጤናው አይመስለንም። ባለቤቴ «ልጅቷ ያለችህን አድርግ» ብትለኝ፣ «እሷ ዋንዛን የምታውቀው በወረቀት ነው» አልኳት።

ከግንዱ ደህና የመሰለኝን መርጬ ሦስት ቀፎ ሠራሁ። ያሉበትን ቀዳዳዎች በጭቃና በእበት ደፈንኩ። ሁለቱን ከቀረኝ ዋንዛ ላይ ሰቀልኩ። ሦስተኛውን ለጎረቤቴ ሰጠሁት፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ለማር ዛፍ የወጣን ሰው ነው። እሱም ከጓሮው ዋንዛ ላይ ሰቀለው።

ዝናቡ መጥቶ ሄደ። በጋው ሲገባ፣ አንድ ጠዋት ከሁለተኛው ዋንዛ ሥር ያንኑ በሶ አየሁ። ወጥቼ ቀፎዎቹን ባያቸው የደፈንኩት ጭቃ ክብ ክብ ሆኖ ተበስቷል። የተበሳው ከውስጥ ነው። እጄ ላይ ያለው ቀፎዎቹን የሰቀልኩበት ገመድ ነው። ጢንዚዛ ክንፍ አለው፤ እኔ ግን እንዲበር እንኳ አላስቸገርኩትም፣ በገመድ ጎትቼ አደረስኩት።

ባለቤቴ ከታች ሆና «ምን አየህ?» አለችኝ።

«ያልሽውን።»

«እኔ ምን አልኩ? ልጅቷ ናት ያለችው።»

ሁለቱን ቀፎ አውርጄ አቃጠልኩ። ንብ አልገባባቸውም ነበር። የጎረቤቴ ግን ንብ ገብቶለታል፣ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ዛፉ ቢታመም ጢንዚዛ ነው ይላል እንጂ እኔን አይልም። ሁለት ቀን ይህን ሳሰላስል ዋልኩ። ከእሱ ዋንዛ ሥር ቡናው አለ፣ ለቡናው ጥላ ያ ዛፍ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት። «የሰጠሁህን ቀፎ አውርደህ አቃጥል» አልኩት።

ገጀራውን ይስል ነበር፣ ቀና አላለም። «ስጦታህን ለመንጠቅ ንብ እስኪገባበት ጠበቅህ?»

«የኔማ ባዶ ነበር።»

«ንቡም ያውቅሃል።»

ከዚያ ተነሥቶ ዋንዛው ሥር ተንበረከከ። አፈሩን በእጁ ጠረገ፣ ግንዱን ዳበሰ። ብናኝ የለም። «ማሩ እስኪደርስ ልቆይ» አለኝ።

«ዝናብ ሲመጣ ውስጥ የቀረው ይወጣል። ያኔ ተራው የዋንዛህ ነው።»

ቀና ብሎ ቀፎውን አየ። «ንቡን የማዛውርበትን ቀፎ አንተ ትሠራለህ» አለኝ በመጨረሻ። «ከቀርከሃ። ከአንተ ግቢ እንጨት የሚባል እንዳታመጣ።»

ከደጋ የመጣ ቀርከሃ ገዝቼ ሠራሁለት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ንቡን አብረን አዛወርን፤ እኔን ሦስት ቦታ ነደፈኝ፣ እሱን አልነካውም። አሮጌውን ቀፎ በመጥረቢያ ስፈልጠው ጣት የሚያህል ነጭ ትል ከመሐሉ ወደቀ። ሁለታችንም አየነው። እሱ በእግሩ ወደ እሳቱ ገፋው።

የእሱ ዋንዛ እስካሁን ደህና ነው። የእኔን ባለሙያዋ መጥታ አየችው፤ ይድናል አላለችም፣ አይድንም አላለችም። ከተሰበረ ጃንጥላ ባወጣሁት ሽቦ ቀዳዳዎቹን በየጠዋቱ እጎረጉራለሁ። አንዳንዴ ትል ወግቼ አወጣለሁ፣ አንዳንዴ ሽቦው ባዶውን ይመለሳል። ሲመሽ ሥሩን ጠርጌ እገባለሁ፣ ሲነጋ ፊቴን ከመታጠቤ በፊት እሱን አያለሁ። ዛሬ ያገኘሁት በሶ ግማሽ ጭብጥ አይሞላም።